ዕቃዎ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነው

እሺ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፦ ሞቻለሁ! የምሬን ነው! ማህተም ያለበት ወረቀት አለኝ። "ኖላዊት ጌትነት፣ ዕድሜ አስራ ስድስት፣ ሐይቅ በር ከተማ፣ ታህሳስ 18 ቀን 2071 ዓ.ም. አርፋለች" ይላል። የራሴ ለቅሶ ላይ ንፍሮ አዙሬያለሁ! ኧረ በልቻለሁም፤ ጨው አንሶት ነበር። የክፍላችን ልጆች ተሰብስበው መጥተው አለቀሱልኝ። ፍሬሰላም እንኳን፣ ያቺ ሒሳብ ፈተና ላይ ወረቀቷን በክንዷ የምትሸፍነው፣ ደረቷን እየደቃች "ወይኔ ጓደኛዬ! ወይኔ ጓደኛዬ!" ስትል እኔ ሰሃን ይዤ ፊቷ ቆሜያለሁ። "ውሰጂ እንጂ" አልኳት። ዘገነች። ማልቀሷን ግን አላቆመችም።

ሳቄ መጣ እኮ! ማርያምን ሳቅኩ። ከዛ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ።

ይሄንን የምጽፈው በሂክመት ገጽ ላይ ነው። ሂክመት ጎረቤቴም የልብ ጓደኛዬም ናት። የኔ ገጽ ላይ ሻማ ተለጥፎበታል፤ የሞተ ሰው መጻፍ አይፈቀድለትም፣ ልክ ነው፣ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ የምትሳደቡ ካላችሁ እሷን እንዳትሰድቧት፣ እኔን ስደቡኝ። እኔ ምንም አልሆንም።

በቃ ከስር ልጀምር።

እናቴ ሜላት ትባላለች። እኛ ሁለት ብቻ ነን፤ አባቴ እኔ ሁለት ዓመቴ እያለ ነው የሞተው። እሱ ግን በደንቡ ነው የሞተው፣ በገዛ ስሙ። እማ አውቶብስ ማዞሪያው ጋ ሱቅ ነበራት። የሄምፕ ሳሙና፣ የሄምፕ ቦርሳ፣ ጉልበት የሚታሽበት ዘይት፣ የሕፃናት ሸሚዝ ትሸጣለች። ሄምፕ የማያሰክረው የካናቢስ ዓይነት ነው፤ የሚያሰክረውን የሚሸጡት ደግሞ ከማዞሪያው ማዶ ነበሩ፣ ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው። ሐይቃችን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሸሸ በኋላ አሳ አጥማጁ ሁሉ ሄምፕ ዘሪ ሆኖ ቀርቷል። የከተማው ግማሽ ግድግዳ ራሱ የሄምፕ ጡብ ነው። እማ ከሱቅ ስትመጣ አሁን የታጨደ ሣርና የሎሚ ልጣጭ አንድ ላይ ትሸታለች። እኔ ስታቅፈኝ "ውይ እማ፣ ሸተትሽ" እያልኩ እሸሻት ነበር። እንደዛ ያልኩበትን አፌን አሁን በጥፊ ባልኩት።

ጥር 12 ቀን 2068 ጠዋት ማስታወቂያው መጣ፣ ሁሉም ስልክ ላይ እኩል ጮኸ። "በከተማችን የሚገኙ የካናቢስና የሄምፕ ምርት ንግዶች በሙሉ፣ ጥናት እስኪጠናቀቅ ድረስ ለዘጠና ቀን ለጊዜው እንዲቆሙ ተወስኗል። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።" እኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ስላልነበረ ሱቅ ነበርኩ፣ ሳሙና እየጠቀለልኩ። እማ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ነጭ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የኔ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳልፍ የምለብሰው። አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል።

አሻጊዎቹ ሁለት ሆነው መጡ፣ ወረቀትና ማህተም ይዘው።

"ለዘጠና ቀን ብቻ ነው እትዬ" አለ አንደኛው፣ ወረቀቱን በሁለቱ መዝጊያዎች መሃል እየለጠፈ።

"ዘጠና ቀን ምን አላት" አለች እማ። "ያቺን ቀሚስ ግን ላውጣት? የልጄ ናት።"

"አይሆንም እትዬ፣ እሷም ሄምፕ ናት።"

"እና ይሄ የለበስኩትስ?" ብላ የጃኬቷን ኮሌታ ጎተተችላቸው። "ላውልቀው?"

ሳቁ። እማም ሳቀች። ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጠጥተው አመስግነው ሄዱ። ወረቀቱን በደንብ ነው የለጠፉት፣ አንድም ቦታ አልተሸበሸበም።

ወደ ቤት ልንሄድ አውቶብስ ጠበቅን። መጣ፣ እኔን አየ፣ በሩን ከፈተ። ገባሁ። እማ እግሯን ስታነሳ በሩ ተዘጋ። ፊቷ ላይ! እና ሄደ! በኋላ መስኮት ዞሬ ሳያት አንድ እግሯን ደረጃ ላይ ልታሳርፍ እንዳነሳችው ናት፤ ደረጃው ግን የለም።

የትልቅ ሰው ካርድ የሚሰራው በፈቃዱ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ነጋዴ በንግዱ፣ ተቀጣሪ በቅጥሩ። እኛ ያላሰብነው፣ ፈቃዱ ለጊዜው ሲቆም ሰውየውም ለጊዜው እንደሚቆም ነው። ለአውቶብሱ ማንም አይደለችም። ለጤና ጣቢያው በር ማንም አይደለችም። የምንበላውን የምንወስደው በኔ የተማሪ ካርድ ሆነ፣ የአንድ ልጅ ድርሻ ለሁለት። ልደቷም አይቆጠርም፤ ካርዷ ላይ አርባ አንድ እንዳለች ቀረች። "በይ እይ" ትለኛለች በየዓመቱ፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ "ሰው ሁሉ ሲያረጅ እኔ አርባ አንድ። ሳትደርሽብኝ አትቀሪም!" ሰፈር ውስጥ ስም ወጣላቸው፦ "ለጊዜዎቹ"። "ያቺ እኮ ከለጊዜዎቹ ናት፣ በር ላይ ከሷ ጋር እንዳትቆሚ፣ በሩ አንቺንም ይጠራጠርሻል" ይባላል።

የአውቶብሱን መላ ያገኘሁት እኔ ነኝ! በሦስተኛው ሳምንት እማን ከነቦርሳዋ ጥምጥም ብዬ አቀፍኳትና "ዕቃ አለኝ" አልኩት።

"ዕቃዎ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነው። እንኳን ደህና መጡ" አለና በሩን ያዘልን።

"ውሸታም!" አለች እማ። "ሃምሳ ስድስት ነኝ እኔ!"

"ቦርሳሽ ነው እማ።"

"ኧረ እትዬ ዝም በሉ" አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ "ዕቃ አያወራም!" አውቶብሱ በሙሉ ሳቀ። እማ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ከዛ በኋላ እኔና እሷ የትም እንደዛ ነው የምንሄደው። "ዕቃዬ፣ ተነሺ" እላታለሁ ጠዋት። "ተሸካሚዬ፣ ቀስ ብለሽ ያዢኝ" ትለኛለች።

ዘጠናው ቀን ሲሞላ ታጥበን ለብሰን በር ላይ ቆምን። አሻጊዎቹ መጡ፣ ሌላ ወረቀት በላዩ ለጠፉ። ሌላ ዘጠና ቀን። ጥናቱ አልተጠናቀቀም፤ የአጥኚው ኮሚቴ ቢሮ የሄምፕ ጡብ ሆኖ ስለተገኘ ራሱ ታሽጓል፣ መግባት አልቻሉም። ቀልድ አይደለም፣ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። እንደዛ እየተባለ አስራ አንዴ ተራዘመ። የበሩ እሽግ እንደ ትራስ ወፈረ። እማ ግን በየዘጠናው ቀን ጃኬቷን ትለብሳለች፣ ጸጉሯን ትሠራለች፣ በር ላይ ትቆማለች። "ዛሬ ባይከፍቱልኝስ ብዬ ተጎሳቁዬ ባገኙኝ ምን ይሉኛል?" ትላለች። በመስታወቱ ውስጥ ቀሚሴ ይታያል፣ መርፌው እንደተሰካበት፣ አንድ እጅጌውን ዘርግቶ። ስምንተኛን አለፍኩ፣ ዘጠነኛን አለፍኩ። ቀሚሱ ያው ነው፣ እኔ ነኝ ያለፍኩት።

አሁን ወደማልወደው ልገባ ነው። ቶሎ ቶሎ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የነገረን አውቶብሱ ነው። እማ ቤት ውስጥ ልብስ በልብስ ስለምትደርብ አልታየኝም። አንድ ቀን "ዕቃዎ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነው" አለ። ተያየን። "ቦርሳዬን ትቼ ነው" አለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ አርባ አምስት አለ፣ ከዛ አርባ ሦስት። በሩ ጋ ስንደርስ እኔ ማሳል ጀመርኩ፣ ቁጥሩን እንዳትሰማው። ሌሊት ሆዷን ይዛ ጉልበቷ ላይ ትታጠፋለች፣ ጠዋት "ብርድ ነው" ትላለች። ሕመም የሚያስታግሰው ዘይት እኮ የገዛ ሱቋ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል! በመስታወቱ ይታያል! ራሷ የጨመቀችው ነው! አንድ ቀን ከትምህርት ስመጣ ሱቁ በር ላይ መሬት ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን በመዝጊያው ስንጥቅ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

"እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየሸተትኩት" አለች። "ትንሽ ይሻለኛል።"

እሽጉን ልቀደው ስል እጄን ያዘችኝ። የቀደደ ሰው ከለጊዜው ወደ ለዘለዓለም ነው የሚሄደው፤ ማዶ አንድ ሰውዬ ቀድዶ ካርዱ ጨርሶ ጠፋ፣ ልጆቹ አሁን "አባት የለንም" ብለው ነው የሚሞሉት፣ ሰውየው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ።

እና ያ ሐሳብ የመጣው ለኔ ነው። ለኔ! ማንም አልመከረኝም። እኔና እማ ቁርጥ አንድ ነን፤ ሰው ሁሉ "ቁርጥ እናቷን" ነው የሚለኝ። እማ ደግሞ ስለቆመች ማሽኖቹ ከሚያውቋቸው ፊቶች ውስጥ የለችም። ካርዴን አንገቷ ላይ ባንጠለጥለው ለፊቷ ቅርብ የሚሆነው የኔ ፊት ነው።

"አይሆንም" አለች እማ። "ስም እኮ ጫማ አይደለም፣ ተዋውሰው የሚያደርጉት።"

"ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው እማ። ለጊዜው!"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው። አየችኝ። ከዛ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። "ለጊዜው" አለች፣ "እሺ ለጊዜው።" አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ፣ አጠለቅኩላት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ማሽኑ ትንሽ ቆየና "ኖላዊት፣ ፊትዎ ደክሟል፣ ውሃ ይጠጡ" ብሎ ከፈተላት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ከተቀመጥኩበት ግንብ ላይ ዘለልኩ! በደስታ! ውስጥ የሆነውን እማ ማታ እየነገረችኝ ስቀን ሞትን። ሲስተር ያኔት የምትባለው ነርስ የእማን ሽበት አየች፣ ካርዱን አየች፣ እንደገና ሽበቱን አየች።

"አስራ ስድስት ዓመትሽ ነው?"

"አዎ ሲስተር" አለች እማ። "ትምህርቱ ነው እንደዚህ ያደረገኝ።"

ሲስተር ያኔት ዞር ብላ በሩን ዘጋችው። ምንም አልጠየቀቻትም። "ነይ ልጄ፣ ተኚ" አለቻት፤ እማ በአስር ዓመት ትበልጣታለች።

ሆዷ ውስጥ ያደገ ነገር ተገኘ። ቆየ ተባለ። ዓመት ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ ምናምን ተባለ። ዓመት ቀደም ብሎ በሩ አላያትም ነበር። የተመዘገበው በኔ ስም ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ የክፍሉ በር "ኖላዊት፣ ሕመምዎን ሰምተናል፣ ከስፖርት ነፃ ነዎት" አለኝ፣ ልጆቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። ደስ አለኝ መጀመሪያ! ሩጫ እጠላለሁ!

ህዳር ላይ እማ ተኝታ እንድትታከም ተባለ። ያን ቀን አውቶብሱ "ዕቃዎ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነው" አለ። አልሳልኩም፣ ረሳሁት። እማ ሰማችው። "ይኸው" አለችኝ በጆሮዬ፣ "እየቀለልኩልሽ ነው።" በር ላይ ካርዴን አጠለቅኩላትና ገባች።

የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው። አስቀድመን አላሰብነውም፣ እንዴት ይታሰባል? አንድ ስም ሁለት ቦታ አይሆንም። እማ ውስጥ ስትተኛ ኖላዊት ውስጥ ተኛች። በነጋታው ልጠይቃት ብሄድ በሩ ዝም አለኝ። አንኳኳሁ። "ኖላዊት ውስጥ ተኝተዋል፣ ጠያቂ የቤተሰብ አባል ብቻ ነው የሚገባው" አለ። የቤተሰብ አባል እኮ እኔ ነኝ! በካርዱ ግን የሷ ብቸኛ የቤተሰብ አባል ውስጥ ተኝታለች! አውቶብስ አይቆምልኝም፤ ሰባት ኪሎ ሜትር በደረቀው ሐይቅ አቧራ ውስጥ በእግሬ ነው የምሄደው። ትምህርት ቤትም አልገባሁም፣ ፈተናው አለፈኝ። ሃያ ስድስት ቀን እንደዛ።

ሲስተር ያኔት ከሰዓት ከሰዓት መስኮቱን ትከፍትልናለች። ከአጥሩ እስከ መስኮቱ የአንድ መንገድ ስፋት ያህል ርቀት አለ። እማ ትራስ ተደግፋ ትታያለች፣ አንገቷ ላይ የኔ ካርድ፣ ካርዱ ላይ የኔ ፎቶ፣ ጥርሴን አሳይቼ።

"ኖሊ! በላሽ?"

"በላሁ!" አልበላሁም፤ የምበላበት ካርድ አንገቷ ላይ ነው። የምትመግበኝ የሂክመት እናት ነች። ያንን አልነገርኳትም።

"ቆይ ትንሽ" ብላ ጮኸችልኝ አንድ ቀን፣ ድምጿ ግን እንደ ሹክሹክታ ነው፣ "ስምሽን ይዤልሽ እወጣለሁ። አላቆሸሽኩትም!"

"ቀስ ብለሽ ተጠቀሚበት!" አልኳት። "አልቸኩልም!"

ሳቀች። ያ ነው የመጨረሻው። በማግስቱ መስኮቱ አልተከፈተም። ሲስተር ያኔት ራሷ ወደ አጥሩ መጣች፣ ነጭ ጋውኗን በሁለት እጇ ጨብጣ። ገና አፏን ሳትከፍት አንገቴ ላይ ካርዴን አጠለቀችልኝ። ካርዱ ሞቃት ነበር። ጫፉ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቶበታል።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ናኦል ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ አሁንም ድንኳን ራሳቸው ካልወጠሩ ደስ አይላቸውም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

"እንግዲህ ስሙ" አሉ ለጎረቤቱ፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። "መቃብር የሚሰጠው ወረቀቱ ላይ ላለው ስም ነው። ሜላት ናት ካልን፣ ሜላት ቆማለች። የቆመ ሰው ደግሞ አይሞትም። ሬሳው እስኪጠና ይቀመጥ ይላሉ፣ ጥናታቸውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የሞተችው ኖላዊት ናት። ስታለቅሱ አፋችሁን ጠብቁ።"

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺማ ሰሃን አዙሪ፣ ልጄ። ምን ታደርጊ።"

ድምጽ ማጉያው በሰፈሩ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረ፦ "ወጣት ኖላዊት ጌትነት..." እትዬ ብሩክታዊት የሰፈራችን አልቃሽ ናት፣ የእማ ደንበኛ፣ ለጉልበቷ ዘይት የምትወስድ። ድንኳኑ መሃል ቆማ እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ የእማ ስም ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ አየሁት። ዋጠችው። እንዲህ አለች፦

"ሳሙና ቆራጯ፣ ሸሚዝ አሳማሪ፣
በአስራ ስድስት ዓመት ሽበት ጀማሪ!"

ድንኳኑ ተናወጠ። እኔ በሕይወቴ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም፤ ማንን እንደምታለቅስ ያልገባው፣ ፊቱ ቆሜ እያየኝ ወረቀቱን የሚያምነው የክፍላችን ልጅ ብቻ ነው። ሰው እያለቀሰ "ኖላዊት፣ ኖላዊት" ይላል፣ ዓይኑ ግን የእማ ወንበር ላይ ነው። እኔ "እማዬ" ብዬ መጮህ አልችልም፤ ሟች ነኝ። ጨው ያነሰው ንፍሮ እሱ ነው።

አባ ግን ፍትሃቱን ያደረሱት በክርስትና ስሟ ነው። እሱን ከተማው አልመዘገበውም። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

መቃብሩ ላይ የኔ ፎቶ አለ፣ የኔ ስም፣ የኔ ዕድሜ። ሂክመት እጄን ይዛ ቆመች፣ ከዛ "ፎቶሽ ግን ያምራል" አለችኝ። "ጸጉርሽ ያን ቀን ነው የተሠራው አይደል?" ይቺን ልጅ እንዴት እንደምወዳት!

በዘጠነኛው ቀን የእማ ስልክ ጮኸ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምጽ ያላሰማ ስልክ! አልጋዋ ስር ነበር።

"ክብርት ወይዘሮ ሜላት፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጥናቱ ተጠናቋል፤ ምንም ጉዳት አልተገኘም። ለጊዜው ቆሞ የነበረው ንግድዎ ከነገ ጀምሮ ተከፍቶልዎታል። በሰባት ቀን ውስጥ ካርድዎን ይዘው በሱቅዎ በር ቀርበው ፊትዎን ያሳዩ። ያልቀረበ ንግዱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።"

ምንም ጉዳት አልተገኘም።

ሄድኩ፤ ማየት ብቻ ብዬ። ማርያምን ማየት ብቻ። ብርድ ስለነበር ጃኬቷን ለበስኩ፣ ካርዷ ኪሱ ውስጥ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ያ ሁሉ ወረቀት መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ እና በሩ አናገረኝ!

"ወይዘሮ ሜላት፣ እንኳን ደህና መጡ። ጤናዎ እንዴት ነው? ለማረጋገጥ 'አዎ' ይበሉ።"

በስንጥቁ ሽታው ወጣ። የታጨደ ሣር፣ የሎሚ ልጣጭ። በመስታወቱ ቀሚሱ አለ። ሦስት ዓመት አንድም በር ጤናዋን ጠይቋት አያውቅም፤ አሁን ይጠይቃል! "ለማረጋገጥ 'አዎ' ይበሉ" ደገመው። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሮጥኩ።

ጋሽ ናኦል "አዎ በይ" ይላሉ። "ሱቅ አለሽ፣ ሙያውን ታውቂዋለሽ። አርባ አንድ ዓመት መሆን እንደሆነ ምንም አይደል፣ እኔም ሆኜው አልፏል።" እትዬ ብሩክታዊት ደግሞ ትቆጣለች፦ "አዎ ካለች ሜላት አልሞተችም ማለት ነው! ታዲያ አርባዋን የማን ብለን ነው የምናወጣው? ያቺ ሴት ሦስት ዓመት ሳትኖር ኖረች፣ አሁን ደግሞ ሳትሞት ትቅር?" ቢሮ ሄጄ "በሕይወት አለሁ" ብልስ? ታዲያ የተቀበረችው ማን ናት ይላሉ፣ ያወጧታል፣ እስኪጠና ያስቀምጧታል፤ ሲስተር ያኔትንም ያቆሟታል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ዝም ብልስ? ዝም ካልኩ ሟች ነኝ። ዛሬ ማዞሪያው ድረስ የመጣሁት ሂክመት አቅፋኝ ነው። "ዕቃዎ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ነው" አላት። እንደ እማ ለመሳቅ ሞከርኩ። እንደሷ አይወጣልኝም።

ነገ ሰባተኛው ቀን ነው። መልእክቱን ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር አየሁ፦ "ከተማው እንዳስፈላጊነቱ ንግድዎን በድጋሚ ለጊዜው ሊያቆም ይችላል።" እማ ስትቆም እኔ ነበርኳት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎዋን አቅፌ የምገባ። እኔ ሜላት ሆኜ ብቆም እኔን "ዕቃዬ" ብሎ የሚጭነኝ ልጅ የለኝም።

በሩ ጥያቄውን ነገ ይደግመዋል። እናንተ ብትሆኑ፣ የእናታችሁን ጃኬት ለብሳችሁ፣ ያ ሽታ እየሸተታችሁ፣ አዎ ትሉ ነበር?